ጡት እያጠቡ ብጉር መታከም ይቻላል፤ ቅባቱን ግን እዩት

ብጉር ስል የወር አበባ ሰሞን አገጭ ላይ ብቅ ብሎ ወዲያው የሚጠፋውን ማለቴ አይደለም። እሱንማ ማን ይጠላዋል። የኔው ከቆዳ ሥር የሚያብጥ፣ ሲነኩት የሚጠጥር፣ ሳይፈርጥ ለሳምንታት የሚቆይ ዓይነት ነበር። መንጋጋዬን ተከትሎ እስከ አንገቴ ወረደ። ጀርባዬ ላይም ወጣ፤ በተለይ የጡት መያዣዬ ማሰሪያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ልጄን ላጠባ ሶፋው ላይ ደገፍ ስል ነፍሴ ትወጣ ነበር። ጠዋት ስነሳ ትራሴ ላይ መግልና ደም አለ።

ሁለተኛ ልጄ ናት። በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። በዚህኛውም እርግዝና ፊቴ የሚያምር ነበር፤ "ሴት ናት፣ ውበትሽን አልወሰደችም" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ሰማንያዋ ሞልቶ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ነው ሁሉም ነገር የጀመረው። ከወሊድ በኋላ ሆርሞን እንደሚዘበራረቅ አውቃለሁ፤ ፀጉሬም እየረገፈ ነበር። ግን ፀጉር ሲረግፍ አያምም።

የምሠራው ባንክ ቤት መስኮት ላይ ነው። ይህ ማለት ቀኑን ሙሉ ፊቴ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ደንበኛ ሁሉ ሐኪም ሆነብኝ። ብር ሊያወጣ የመጣ ሰው መድኃኒት አዞልኝ ይሄዳል። "እህቴ፣ ፊትሽን ምን ነካው? ሎሚ አላሽበትም?" ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ትላለች፤ ሌላዋ እርድ በማር። አንድ አባት በጣም በሚያሳዝን ድምፅ "የራስሽን ወተት ቀቢው ልጄ" አሉኝ። እሳቸው ላይ አልፈርድም፤ ቢያንስ የእሳቸው ምክር አያቃጥልም። ሎሚውና ነጭ ሽንኩርቱ ግን ቆዳ ያቃጥላሉ። ሎሚ ተቀብቶ የአዲስ አበባ ፀሐይ ላይ መውጣት ደግሞ ሌላ ጥቁር ምልክት መጨመር ነው።

ቤተሰቤ ለሁለት ተከፈለ። እናቴና አክስቶቼ "ልጅሽን አጥቢ፣ ብጉር የትም አይሄድም፤ ጡት ስታስጥዪ ትታከሚያለሽ" አሉ። አማቴና አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ "ቆርቆሮ ወተት አለ አይደል? አስጥያትና ታከሚ" አሉ። የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፦ እናት የዋጠችው ኪኒን ሁሉ እንዳለ ልጅ አፍ ይገባል ብለው። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ እኔም ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር። ችግሩ እንዲህ ያለው ብጉር ሲጠብቁት ዝም ብሎ አይጠብቅም። ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። ጉድጓድ የሆነ ጠባሳ ደግሞ በምንም ቅባት ሙሉ ለሙሉ አይጠፋም።

የምኖረው አየር ጤና ነው። ስለዚህ ወያላ "አለርት! አለርት! ዘነበወርቅ!" ሲል እየሰማሁ ነው ሥራ የምሄደው። ቆዳ ሐኪም ስፈልግ ከአለርት ሆስፒታል ሌላ ቦታ ለምን አስባለሁ? እናቴ ግን አለርት የሚለውን ስም ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "የምን በሽታ ነው የያዘሽ? ሰው ቢያይሽስ?" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እሷ በወጣችበት ዘመን ዘነበወርቅ ማለት የሥጋ ደዌ ማለት ነበር። ቦታው ላይ መጀመሪያ የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል ነበር። አለርት ራሱ በ1958 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓላማው ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል መሆን ነበር። ዛሬ ግን እዚያ ቆዳ ክፍል ወረፋ ላይ የሚቀመጠው ሰው ሁሉም ዓይነት ነው፤ እከክ ያለበት ሕፃን፣ ፀጉሯ የተመለጠ ወጣት፣ ማድያት ያስመረራት እመቤት፣ እንደኔ ብጉራም። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ አድርጌ የሄድኩት መጀመሪያ ቀን ብቻ ነው። ወረፋው ላይ ጎረቤቴን አገኘኋት። እሷም ነጠላዋን እንደኔው አድርጋ ነበር። ሳቅን።

ዶክተሯ ፊቴን ከማየቷ በፊት ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። ዕድሜዋ ስንት ነው? በጊዜዋ ነው የተወለደችው? ክብደቷስ? ከጡት ሌላ ምን ትወስዳለች? ገረመኝ፤ የታመምኩት እኔ ነኝ። ኋላ ስታስረዳኝ ገባኝ። አንድ መድኃኒት ለስምንት ወር ልጅ ምንም ላይል፣ ገና ወር ላልሞላው ወይም ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ ሊከብድ ይችላል። ሕፃን ሲያድግ ጉበቱና ኩላሊቱም ይጎለብታሉ፤ ምግብ ሲጀምር ደግሞ የሚጠባው ወተት እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ "ማጥባት ላይ ነኝ" ማለት ብቻ አይበቃም። ልጁ ስንት ወሩ እንደሆነ መናገር የግድ ነው።

ቀጥላ የወሊድ መከላከያዬን ጠየቀችኝ። ክንዴን አሳየኋት። ከወለድኩ በኋላ ያስቀበርኩት ነው። "እሱ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል" አለችኝ። እኔ ስለ ወተቱ እንጂ ስለ ፊቴ አስቤ አላውቅም ነበር። ክንድ ላይ የሚቀበረውም ሆነ የሦስት ወሩ መርፌ ፕሮጄስቲን የሚባል ሆርሞን ብቻ ነው ያላቸው። ወተት አይቀንሱም ተብሎ ለአጥቢ እናት የሚመረጡትም ለዚሁ ነው። ግን አንዳንድ ሴት ላይ ብጉር ያስነሳሉ፤ ያለውንም ያባብሳሉ። ብጉር የሚያሻሽለው ሁለት ሆርሞን ያለው ኪኒን ደግሞ ልጅ ስድስት ወር ሳይሞላው ለአጥቢ እናት አይመከርም። ወተት ይቀንሳል የሚል ስጋት አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ደም የመርጋት አደጋ አለው። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ሆርሞን የሌለው የመዳብ ሉፕ አለ። ወደዚያ ዞርኩ። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ይህን አንብባችሁ ነገ ክንዳችሁን ለማስከፈት እንዳትሮጡ። አራስ ላይ ሌላ እርግዝና ከብጉር የባሰ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ተተኪው ይወሰን።

ከዚያ ስለ ቅቤው መጣን። እናቴ አራስ ልትጠይቀኝ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ይዛ የመጣችው ቅቤ ለአንድ ሠርግ ይበቃ ነበር። ገንፎው ላይ ቅቤ፣ አጥሚቱ ላይ ቅቤ፣ አናቴ ላይ ቅቤ። ራሴን ቀብታኝ በሻሽ ታስርልኛለች። ሌሊት እየቀለጠ ግንባሬና ጆሮዬ ሥር ይወርዳል። ዶክተሯ ግንባሬን አይታ "ፀጉርሽን ምን ትቀቢዋለሽ?" ስትለኝ ነው የገባኝ። ግንባር ላይ የሚወጣው ደቃቅ ብጉር ብዙ ጊዜ ከፀጉር ቅባት ነው፤ ቅቤም ሆነ የሱቅ ቅባት የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ይህንን ለእናቴ መንገር ከምጡ አይተናነስም። "ቅቤ ነው እንዴ በሽታ የሚሆነው? አንቺን ምን ቀብቼ አሳደግኩሽ?" ብላ ተኮሳተረች። በመጨረሻ ተስማማን፦ ቀን ላይ ከጆሮዬ በታች ያለውን ፀጉር ብቻ ትቀባለች፤ ማታ ሳልተኛ እታጠበዋለሁ። ገንፎውን አልነኩባትም። የአጥሚቱን ስኳር ግን ቀነስኩ፤ ስኳር የበዛበት ምግብ አንዳንድ ሰው ላይ ብጉር እንደሚያባብስ ዶክተሯ ስለነገረችኝ። ከልክላኝ አይደለም። እኔም ጣፋጭ አጥሚት አልወድም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ብዙ እናት የምትፈራው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ዶክተሯ የነገረችኝ መለኪያ ይህ ነው። አንድ መድኃኒት ወተት ውስጥ መግባቱ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በመጠኑ ይገባል። ጥያቄው ስንት ይገባል ነው። ልጁ በወተት በኩል የሚደርሰው መጠን፣ በክብደት ተሰልቶ ከእናቱ መጠን 10 በመቶ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም ተብሎ ይታሰባል። መድኃኒቱ በራሱ መርዛማ ከሆነ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ዶክተሯ ስልኳን አውጥታ ላክትሜድ የሚባል ነገር ከፍታ አሳየችኝ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀው ነው፤ በነፃ ነው። የመድኃኒቱን ስም ስታስገባ በወተት ውስጥ ምን ያህል እንደተገኘና ልጆች ላይ ምን እንደታየ ያወጣል። እንግሊዝኛው ይከብዳል እንጂ ማንም ሊያየው ይችላል። እኔ ባንክ ስለምሠራ መሰለኝ፣ ቁጥር ሲነገረኝ እረጋጋለሁ።

የሚቀቡት በአብዛኛው ቀላሎቹ ናቸው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከተቀባው ወደ ሰውነት የሚገባው ትንሽ ነው፤ የገባውም ቶሎ ተለውጦ በሽንት ይወጣል። አዜላይክ አሲድ ደግሞ ስንዴና ገብስ ውስጥ በተፈጥሮ ያለ ነገር ነው፤ ገንፎ የምትበላ አራስ ለእሱ እንግዳ አይደለችም። በዚያ ላይ ብጉሩ የሚተወውን ጥቁር ምልክትም ያቀላል። ለጠይም ቆዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክሊንዳማይሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ያለበት ጄልም ታዞልኛል፤ እሱ ብቻውን ሳይሆን ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንዳይለምደው። አዳፓሊን ስለሚባለው ቅባት ስጠይቃት ከቆዳ የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ስለሆነ አንዳንድ ሐኪሞች ለአጥቢ እናት ያዙታል፣ እርግዝና የሚጠረጠር ከሆነ ግን አይሆንም አለችኝ። ለኔ አላዘዘችውም።

ቅባት ብቻውን ግን ለኔ ዓይነቱ አይበቃም ነበር። የሚዋጥም አስፈለገኝ። በዓለም ላይ ለከባድ ብጉር ቀድሞ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ነው። ለአጭር ጊዜ፣ ከሦስት ሳምንት ላነሰ፣ አጥቢ እናት ብትወስደው ያን ያህል አያሰጋም። ብጉር ግን በሦስት ሳምንት አይድንም። ወራት ይፈልጋል። የዚህ ወገን መድኃኒቶች ደግሞ በማደግ ላይ ያለ ጥርስና አጥንት ላይ የመቀመጥ ጠባይ ስላላቸው ለረጅም ጊዜ እንዲወሰዱ አይፈለግም። የእሱ ዘመድ ሚኖሳይክሊን ጭራሽ የጡት ወተት ያጠቆረበት ጊዜ አለ። እስቲ አስቡት፣ ጥቁር ወተት! እናቴ ብታይ ደብተራ ትጠራ ነበር። ለኔ የታዘዘልኝ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ፣ አዚትሮማይሲን ነው። ኤሪትሮማይሲንም እንደሚሆን፣ ገና የተወለደ ልጅ ለሚያጠቡ ግን ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ነገረችኝ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሕፃኑን የጨጓራ መውጫ ከሚያጠብ ችግር ጋር ስሙ ይነሳል። ልጄ ያንን ዕድሜ አልፋ ነበር። ሆዷ ከላላ፣ ዳይፐሯ ሥር ከቀላ፣ አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ካየሁ እንድመለስ ነገረችኝ። ትንሽ ሆዷ ላላ ብሎ ነበር፤ ወዲያው ተስተካከለ። መድኃኒቱንም ከሦስት ወር በላይ አልወሰድኩትም።

መንጋጋዬ ላይ ላለው ለትልቁ እብጠት ደግሞ እዚያው ውስጡ በመርፌ ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚያረጋጋ መድኃኒት ትንሽ ሰጠችኝ። ያማል። ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ሟሸሸ። ለአጥቢ እናት ችግር የለውም፤ መጠኑ ትንሽ ነው። ቦታው ላይ ለጊዜው ትንሽ ስርጉድ ሊተው ይችላል፤ እኔም ጋ ትቷል፣ ባሌ ዲምፕል ወጣልሽ ይለኛል።

"ታለቅሻለሽ? እንቅልፍስ?" ብላም ጠየቀችኝ። አለቅስ ነበር። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ እንዳይሆን ብላ ነው የጠየቀችው። ፊቴን ማንም እንዳያይ ብዬ ከልጄ ጋር የተነሳሁትን ፎቶ ሳልልክ መቅረቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኩት ለእሷ ነው።

ከሚዋጡት ጨርሶ የማይነካውስ? አይሶትሬቲኖይን። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሮአኩታን በሚለው ስሙ ነው። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ ፎቶዬን አይታ "እኔን ያዳነኝ ይኸው" ብላ ሰው አስይዛ ላከችልኝ። ከልቧ ነው። እሷን በእርግጥ አድኗታል፤ ከባድ ብጉርን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት ከዚህ ሌላ የለም ማለት ይቻላል። ግን እሷ ልጅ የላትም። ይህ መድኃኒት የቫይታሚን ኤ ዘመድ ነው፤ ስብ ውስጥ ይሟሟል፣ ወተት ደግሞ ስብ አለው። እርጉዝ ሴት ከወሰደችው ፅንሱን ክፉኛ ይጎዳል፤ ካቆመች በኋላም ቢያንስ አንድ ወር ከእርግዝና መጠበቅ አለባት። የምታጠባ እናት ጨርሶ አትወስደውም። ባሌ እሽጉን አይቶ "ቫይታሚን ኤ ከሆነማ ጤና ጣቢያም ለሕፃናት በጠብታ ይሰጣሉ፣ ምን ችግር አለው?" ብሎኝ ነበር። ጥያቄው ሞኝነት አይደለም። ግን ስድስት ወር ሲሞላ የሚሰጠው ቫይታሚን ተመጥኖ የሚሰጥ ምግብ ነው፤ ይኸኛው የዘመድ ስም ይዞ የሌላ ሥራ የሚሠራ መድኃኒት ነው። እሽጉን ሳልከፍት ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት፤ ትልቁ ልጄ የማይደርስበት።

እስካሁን ያልኩት በስሙ ስለሚታወቅ መድኃኒት ነው። ሰው የሚፈራውም ኪኒኑን ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ማንም የማይፈራው ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጽሑፍ የሌለው የፕላስቲክ ብልቃጥ ሰጠችኝ። ከአንድ ኮስሞቲክስ ቤት የተገዛ ነው። ሻጯ ራሷ ነው የምትቀላቅለው፤ ምን ከምን ጋር እንደሆነ አትናገርም። "ብጉርንም ማድያትንም ያጠፋል፣ ያቀላልም" ነው የተባለው። የሚዋጥ ስላልሆነ ስለ ልጅ ማንም አልጠየቀኝም። ይኸው ነው ነገሩ። አክስቶቼ አዚትሮማይሲኑን ሲያዩ "ልጅቷን ልትመርዢ ነው" ብለው ጮኹ፤ ብልቃጡን ሲያዩ ግን "ለኔም ትንሽ ጨልፊልኝ" አሉ።

ብልቃጡን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ለዶክተሯ ወሰድኩት። ከፍታ አሸተተችው። "በሳምንት ውስጥ ስንቷ ይዛልኝ እንደምትመጣ ብታውቂ" አለችኝ። እንዲህ ባሉ ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ክሎቤታሶል የሚባል ስቴሮይድ ነው። ከሚቀቡት ስቴሮይዶች ሁሉ ኃይለኛው ነው። መጀመሪያ ፊትን ያረጋጋል፤ መቅላቱ ይጠፋል፣ ብጉሩ ይከስማል፣ ቆዳው ነጣ ይላል። ሰው ሁሉ "ምን ተቀባሽ?" ይላል። ከዚያ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ሌላ ዓይነት ብጉር ይወጣል። ሲያቆሙት ደግሞ እሳት ይሆናል። ስለዚህ ሴትየዋ ተመልሳ ትገዛለች። ልጅ ላይስ? ሕፃን የሚያርፈው እናቱ አንገትና ደረት ላይ ነው። የጡት ጫፍ ላይ ጠንካራ ስቴሮይድ ከተቀባች እናት የጠባ ልጅ የታመመበት ሁኔታ በሕክምና መጽሔት ላይ ተመዝግቧል።

ሁለተኛው ሜርኩሪ ነው። ቆዳ የሚያቀሉ ቅባቶች ውስጥ ርካሽ ስለሆነ ይጨምሩታል። ሚናማታ በሚባለው ስለ ሜርኩሪ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበትን መዋቢያ፣ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሜርኩሪ የተጨመረበትን መዋቢያ ሁሉ መሥራት፣ ማስገባትና ወደ ውጭ መላክ ክልክል ነው። ክልክል ነው ማለት የለም ማለት ግን አይደለም። ሜርኩሪ በወተትም ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ፎጣ ላይ፣ ትራስ ላይ፣ እጅ ላይ ይቀራል። ያልተቀባው ልጅ ይመረዝበታል። የሚጎዳውም ኩላሊትንና ነርቭን ነው። እሽጉ ላይ ካሎሜል ወይም ሜርኩሪ የሚል ቃል ካለ፣ ወይም ምንም ካልተጻፈበት፣ ቤት አታስገቡት። ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ እሱ ሕጋዊ መድኃኒት ነው፣ ለማድያት ሐኪሞች ያዙታል። ግን ከሚቀባው ከሲሶ በላይ ወደ ሰውነት ስለሚገባ ለአጥቢ እናት አይመረጥም። ማድያቱ ጡት እስክታስጥዪ ይቆይ ተብያለሁ። ያም አናደደኝ፤ ግን ማድያት ጠባሳ አይተውም፤ ይጠብቃል።

ለባልደረባዬ ይህን ስነግራት አኮረፈችኝ። ሻጯ ጎረቤቷ ናት። ብልቃጡን ግን አልመለስኩላትም።

ቤት ውስጥ ያለው ውሎ ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ልጄ ስትጠባ እጇ ሥራ አይፈታም፤ ፊቴን ትይዛለች፣ አፍንጫዬን ትጎትታለች፣ ያንኑ እጅ አፏ ውስጥ ትከታለች። ስለዚህ የምቀባው ከተኛች በኋላ ነው፤ ሌሊት ስትነሳ ጉንጬ ላይ በማያርፍ አኳኋን አቅፋታለሁ። ደረቴ ላይ ምንም አልቀባም። ለጀርባዬ የሚታጠቡበት ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው የተሰጠኝ፤ ሻወር ውስጥ ተቀብቶ ትንሽ ደቂቃ ቆይቶ በደንብ ይታጠባል። ቆዳ ላይ ስለማይቀር ለአጥቢ እናት ይመቻል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ሻወር ማለት ጆግ ማለት ነው፤ ባሌ ጀርባዬ ላይ ውኃ ሲያፈስ "አሁንም ባንክ ትሠሪያለሽ?" ይለኛል። ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ነገር ጨርቅ ያነጣል። የጥቁር ሹራቤ አንገት ቡናማ ሆኗል፣ አዲሱ የትራስ ልብስ ተበላሽቷል። ነጭ ፎጣ ተጠቀሙ። የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ አጠገብ አታድርሱት።

ለውጡ ቶሎ አልመጣም። መጀመሪያ ላይ ፊቴ ደርቆ ተላጠ፣ የባሰብኝ መስሎኝ ነበር። ዶክተሯ አስቀድማ ስድስት ስምንት ሳምንት ጠብቂ ስላለችኝ ነው የታገስኩት። አዲስ እብጠት መውጣቱ ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ ማለት ይቻላል። ጀርባዬ ቀድሞ ነው የዳነው። አሁን ፊቴ ላይ ያለው ጥቁር ምልክትና ሁለት ሦስት ስርጉድ ጠባሳ ነው። ጠዋት ጠዋት ሰንስክሪን እቀባለሁ፤ ያለእሱ ምልክቱ አይለቅም። "ጥቁር ሰው ሰንስክሪን ምን ያደርግለታል" የሚሉ ደንበኞች አሉኝ። ብራቸውን ቆጥሬ እሰጣለሁ።

አለርት የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት በጊዜ ድረሱ፤ የሪፈር ወረቀት ካላችሁ ያዙ። ክንዳችሁ ላይ የተቀበረውን ወይም የምትወጉትን ስሙን አጣሩ። ፊታችሁ ላይ የምትቀቡትን ሁሉ፣ ያለ ስም የተሸጠላችሁንም፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ውሰዱ፤ አትፈሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም። የልጃችሁን የክትባት ካርድም ያዙ፤ ክብደቷ እዚያ ላይ አለ። ልጅ የሚይዝላችሁ ሰው ካለም ይከተላችሁ። ወረፋው ላይ ማጥባታችሁ አይቀርም፤ አግዳሚው ወንበር ደግሞ ጀርባ መደገፊያ የለውም።